አባዬ የሰቀላት ዳዶ

ሰውየውን አልወደውም ነበር። ይህን መጀመሪያ ልናገረውና ይውጣልኝ። ፊት ለፊት «ጋሼ» እና «እርስዎ» እለዋለሁ፣ የአባቴ እኩያ ነዋ፤ ዞር ሲል ግን እንደ ሰፈሩ ሰው ሁሉ «እስቲልየው» ነው የምለው። ቅጽል ስሙ የወጣለት ከአፉ ከማትጠፋው ነገር ነው። እቃ ሲሰጡት «እስቲ ልየው»፣ ወሬ ሲነግሩት «እስቲ ልየው»። ሚስቱ «ዝናብ እየጣለ ነው» ብትለው እንኳ እጁን በመስኮት አውጥቶ ሳያረጥብ አያምናትም።

መካኒክ ነው። መካኒክ ስላችሁ ሁሉን የሚነካካ እንዳይመስላችሁ፤ የሚሠራው ፍሬን ብቻ ነው፣ ያውም የአሮጌ መኪና ፍሬን። ጋራዡ ከሱቄ ጀርባ ካለው ግንብ ማዶ ነው፤ ሁለት መኪና ከገባበት ሦስተኛው ደጅ ይቆማል። እኔ ደግሞ ከአባዬ የወረስኩት የመለዋወጫ ሱቅ አለኝ። የምሸጠው በአብዛኛው ያገለገለ እቃ ነው፣ ለአሮጌ መኪና ሌላ ከየት ይመጣል? እናቴን የሚያኖራት ይህ ሱቅ ነው። እማዬ ኩላሊቷ ከደከመ ወዲህ ማክሰኞና ዓርብ ወደ ታችኛው ከተማ ሐኪም ቤት ወርዳ ደሟ ይታጠባል፤ አንድ ቀን ብትቀር ፊቷ ያብጣል፣ ሁለት ቀን ብትቀር እሱን ላስበውም አልፈልግ። የሚያወርዳት ታናሽ ወንድሜ ነው፣ ከእሱ በዕድሜ በምትበልጥ መኪናው። መንገዱ ቁልቁለት ነው፤ ሰባት መታጠፊያ አለው፣ በአንዱ በኩል ቋጥኝ፣ በሌላው በኩል ገደል።

እና ይህ እስቲልየው ሐሙስ ሐሙስ ጠዋት የሱቄን መዝጊያ ገና ሳላነሳ በር ላይ ቆሞ አገኘዋለሁ።

«እንደምን አደርሽ። ያቺን ጠርሙስ እስቲ።»

ያቺ ጠርሙስ የፍሬን ቱቦ መጋጠሚያ የማስቀምጥባት ናት። ለማያውቅ ልንገረው፦ የፍሬን ዘይት ከፔዳሉ ተነስቶ እስከ ጎማዎቹ የሚሄደው በቀጭን የብረት ቱቦ ነው። ቱቦውን በየቦታው አጥብቃ የምትይዘው ደግሞ መሃሏ ቀዳዳ የሆነች፣ የጣት ጫፍ የምታክል ብሎን ናት። እሷ ከለቀቀች ፍሬን የለም። በቃ።

ጨርቁን ባንኮኒዬ ላይ ያነጥፋል። ጠርሙሷን ይገለብጣል። ከደረት ኪሱ ማጉያ መነጽር ያወጣና እያንዳንዷን ብሎን እንደ እህል ነጋዴ ያገላብጣታል። ሦስት ይለያል፣ አንዳንዴ አምስት፣ ክብሪት ቀፎ ውስጥ ከትቶ ይከፍልና ይሄዳል። ለየትኛው መኪና እንደሆነ አይናገርም። ስጠይቀው «ለሥራ» ይላል። ኧረ እናውቃለን፣ ለሥራ ካልሆነ ለጆሮ ጉትቻ ሊያደርገው ነው?

መጀመሪያ ዝም አልኩ። ቀስ በቀስ ግን ነገሩ ከነከነኝ። በሳምንት አንድ ወይ ሁለት መኪና የሚሠራ ሰው ይህን ሁሉ ብሎን ምን ያደርገዋል? አንድ ቀን በጋራዡ ደጅ ሳልፍ ቆም ብዬ አየሁት። ቱቦ እያሰረ ነው፤ የሚያስርበት ብሎን ግን የእኔ አይደለም። የእኔ ራሷ ላይ ቀይ ነጥብ አለባት። የእኔን ይገዛል፣ የሌላ ሰው ያስራል! ደሜ ፈላ።

የቀዩን ነጥብ ነገር ልንገራችሁ፣ ያለሱ ወሬው አይገባችሁም። አባዬ ሱቁን ሲከፍት ባንኮኒው ጫፍ ላይ አንዲት ዳዶ፣ ብሎን የሚገባባትን ባለ ጥርስ ቀዳዳ ብረት፣ በሽቦ ሰቀለ። ቆራሌው ረቡዕ ረቡዕ በጆንያ የሚያመጣውን ብረት ዘርግፎ፣ ብሎኖቹን በናፍጣ አጥቦ፣ አንድ በአንድ በዚያች ዳዶ ይሞክራቸዋል። ገብታ ከዞረች አለፈች፤ ራሷ ላይ ቀይ ቀለም ጠብ ያደርግባትና ወደ ጠርሙሷ ይጥላታል። ካልገባች ወደ ባልዲው። «ሰው ይዋሻል፣ ዳዶ አትዋሽም» ይል ነበር። የተጠራጠረ ደንበኛም ሽቦዋን ሳብ አድርጎ ራሱ ይሞክራል። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ተኖረ። አባዬ ካረፈ ሦስት ዓመቱ ነው፤ እኔም የቀለሙን ቆርቆሮ እንኳ ሳልቀይር ቀጠልኩ። አንዳንድ ጠዋት ማንም ሳያየኝ ዳዶዋን በጣቴ ነካ አደርጋታለሁ። እጁን የነካሁ ይመስለኛል።

እስቲልየውና አባዬ የልብ ወዳጆች ነበሩ። ታዲያ አባዬ አልጋ ከመያዙ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ አንድ ቀን ከጓዳ እቃ ይዤ ስወጣ ሲጯጯሁ ደረስኩ። አባዬ ፊቱ ደም መስሎ «ውጣልኝ! ከሱቄ ውጣ!» ይላል። ያኛው ኮፍያውን ከባንኮኒው አንስቶ አንገቱን ደፍቶ ወጣ። «ምን ሆናችሁ?» ብለው፣ አባዬ «ያንን ሰው ጆሮ እንዳትሰጪው። ዓይኑ ሱቁ ላይ ነው» አለኝ። በሁለት ወሩ ሞተ። ከሐዘን ተነስቼ ሱቁን በከፈትኩ በመጀመሪያው ሐሙስ፣ በር ላይ ማን ቆሞ ባገኝ ጥሩ ነው? ክብሪት ቀፎውን ይዞ!

ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር ይባል የለ? እኔም ጠረጠርኩ።

ሚስቱ ግን ሌላ ሰው ናት፤ ጨዋታ አዋቂ፣ ሳቂታ። አምፖል ልትገዛ መጥታ አንድ ሰዓት ታወራኛለች። «ቀለበት ያደረገልኝ ዕለት» ትላለች፣ «መጀመሪያ በጥርሱ ነክሶ ነው ጣቴ ላይ ያስገባው። ወርቁን ነው ወይስ እኔን ነው የተጠራጠርከው ብለው፣ ወርቅ ሻጩን አለኝ!» ሴት ልጃቸውን ሊያገባ የመጣውን ልጅ ደግሞ ገና ወንበር ሳያቀርብለት «መኪና አለህ?» ብሎ ጠየቀው። አለኝ ሲለው ውጭ አውጥቶ መኪናውን በክሪክ አነሳው፤ አራቱንም ጎማ ፈትቶ ፍሬኑን አየ፣ ሁለቱን ቀየረለት፣ ከዚያ በኋላ ነው «በል ግባ፣ ምሳ ብላ» ያለው። ልጁ የአዲስ ልብሱ እጅጌ በቅባት ተለውሶ ነው አሉ ማዕድ የቀረበው።

በሳቅ ሞትኩ። እሷ ግን አምፖሏን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችና «አትፍረጂበት» አለችኝ። ሃያ ዓመት ሳይሞላው በአንድ ትልቅ ጋራዥ ተቀጥሮ ሳለ፣ አለቃው አንዲት ብሎን ወርውሮለት «ይገባል፣ እሰረው» አለው። ገባ፤ አሰረው። የጭነት መኪናው በሦስተኛው ቀን አንድ ዳቦ ቤት ግድግዳ ጥሶ ገባ። ሾፌሩ ተረፈ፣ አንድ እግሩ ግን ቀረ። አለቃው «እኔ አልሰጠሁትም» ብሎ ካደ። «ከዚያ ወዲህ» አለች ሚስቱ፣ «ሰው የሰጠውን ሳያይ አያስርም። እኔ የቀዳሁለትን ውሃ እንኳ ብርሃን ላይ አንስቶ ያየዋል።»

አዘንኩለት፣ አልዋሽም። ግን ማዘን ሌላ፣ ማመን ሌላ።

ባለፈው ወር ደግሞ ጎረቤቴ ጎሚስታው ነገር ጨመረበት። ይህ ጎሚስታ ጎማ ከሚለጥፍበት ጊዜ ወሬ የሚለጥፍበት ይበልጣል። «ሰምተሻል?» አለኝ። «እስቲልየው ከአማቹ ጋር ጣውላ ሲያስገባ ነበር። መደርደሪያ ነው የሚሠሩት። ሱቅ ሊከፍት ነው።» ክው አልኩ። ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ያዘ፦ ሦስት ዓመት ሙሉ የእኔን ብሎን ሲያከማች፣ ምርጥ ምርጡን በመነጽር ሲለቅም፣ ለካ በገዛ እቃዬ ተፎካካሪ ሊሆነኝ ነው! አባዬ «ዓይኑ ሱቁ ላይ ነው» ያለው ትዝ አለኝ። ሱቁ ከተዘጋ የእማዬን ሐኪም ቤት ማን ይከፍላል? ቆሽቴ አረረ።

በሚቀጥለው ሐሙስ እንደ ልማዱ መጣ።

«ያቺን ጠርሙስ እስቲ።»

«አልቋል ጋሼ» አልኩት። ጠርሙሷ እግሬ ሥር፣ ካርቶን ውስጥ ነበረች።

«አልቋል ማለት?»

«ተሽጧል ማለት ነዋ!»

«ትናንት ረቡዕ ነበር። ቆራሌው መጥቷል። ለማን ሸጥሽው?»

እንዴ! የእኔን የቆራሌ ቀን ሳይቀር ቆጥሮ ይዟል። «ለገዛ» አልኩት።

ፊቱ አመድ መሰለ። እሰይ፣ አልኩ በሆዴ። ወደ ዳዶዋ ዞር ብሎ አያት፤ ጣቱን ሰደድ አድርጎ ሳይነካት መለሰው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አንቺ ልጅ፣ የምታደርጊውን ታውቂያለሽ ግን?» አለኝ።

«አሳምሬ ነዋ! እርስዎ የሚያደርጉትንም አውቃለሁ።»

እንደ መታሁት ሁሉ ወደ ኋላ አለ። ክብሪት ቀፎውን ኪሱ ከትቶ ወጣ። እኔ እቴ፣ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ቀኑን ሙሉ እንደ ሌባ በሱቄ ዙሪያ ሲዞር ዋለ፤ ጎሚስታውን «ዛሬ ከእሷ ሱቅ ማን ማን ወጣ?» ብሎ ሦስት ጊዜ ጠየቀው አሉ። ይዙር ብዬ ጠርሙሷን ከካርቶኑ አውጥቼ መደርደሪያ ላይ መለስኳት። ሁለት ደንበኛ መጣ፣ ሸጥኩ።

ከሰዓት በኋላ ወንድሜ መጣ። «በፊት ግራ ጎማ በኩል የፍሬን ዘይት ያንጠባጥባል። ብሎኗ ዝጋ አልቃለች።»

«ጋራዥ አትወስደውም?»

«ወደዚያ ሰውዬ? ኧረ ወዲያ! ባለፈው ዘይት ያየሁበትን ጨርቅ ሁሉ አሽትቶ ነው የመለሰልኝ። እኔው አስረዋለሁ፣ የቱቦ አፍ ማስፊያ ከጓደኛዬ ተውሻለሁ።»

ጠርሙሷን አቀረብኩለት። አንዷን መርጦ ከሽቦዋ ዳዶ ጋር አገናኛት፤ ገባች፣ ዞረች። «አባዬ ይሙት፣ ልክ ናት» አለ እየሳቀ። አባዬ ሞቶም ይምልበታል፣ ልማዱ ነው። እኔም ሳቅሁ። ገንዘብ አልተቀበልኩትም። በራሴ እጅ በወረቀት ጠቅልዬ ሰጠሁት።

ዓርብ ጠዋት ለሦስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ገደማ፣ ሱቄን ሳልከፍት በቀጥታ ወደ እስቲልየው ጋራዥ ሄድኩ። ዛሬ በቃ፣ ፊት ለፊት እነግረዋለሁ ብዬ ቃላቱን መንገድ ላይ ሁሉ እያሰላሁ። በሩ ገርበብ ብሏል። ጣውላዎቹ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል፤ ይኸው፣ ጎሚስታው አልዋሸም። እስቲልየው አንድ መኪና ሥር ተኝቷል፤ የሚታየው እግሩ ብቻ ነው። የሥራ ጠረጴዛው ላይ አንድ ትልቅ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ተቀምጧል። አነሳሁት፣ ከበደኝ። ውስጡን ሳይ በቀይ ነጥብ ተሞልቷል። የአባዬ ቀይ፣ የእኔ ቀይ።

«ሌባ!» ብዬ ጮህኩ። ሌባ እንኳ አልነበረም፣ ከፍሎ ነው የወሰደው፤ ግን ሌላ ቃል አልመጣልኝም።

ከመኪናው ሥር ተንሸራቶ ወጣ። ቆርቆሮውን በእጄ ሲያይ አልደነገጠም። ደክሞት ነበር። ቁጭ ብሎ እጁን በጨርቅ ጠረገ።

«ሱቅ ሊከፍቱ ነው አይደል? በእኔ እቃ! ጣውላውስ ይኸው!»

«ጣውላው የልጅ አልጋ ነው። ልጄ ልትወልድ ነው» አለ። «ያ ቆርቆሮ ውስጥ ያለውን ደግሞ አንቺም ታውቂያለሽ። ትናንት አሳምሬ አውቃለሁ ብለሽኝ የለ?»

«ምኑን?»

አተኩሮ አየኝ። ብሎን በሚያይበት ዓይን ነው ያየኝ። «አባትሽ አልነገረሽም?»

«ምኑን ነው የሚነግረኝ?»

ከመሳቢያው ሁለት ዳዶ አውጥቶ መዳፌ ላይ አስቀመጠ። አንዷ ከሽቦዬ ዳዶ ጋር አንድ ዓይነት ናት፣ በሚሊሜትር የተሠራች። ሌላዋ በኢንች የተሠራች ናት። ለዓይን መንትያ ናቸው። ከቆርቆሮው አንድ ቀይ ነጥብ ያላት ብሎን አንስቶ «እስቲ በመጀመሪያዋ ሞክሪ» አለኝ። ገባች፣ ዞረች፣ ልክ እንደ ሱቄ። «አሁን በሁለተኛዋ።» ገባች፣ እዚህኛዋ ውስጥ ግን ጠበቅ ብላ፣ ምንም ሳትንቀሳቀስ። «መልሰሽ በመጀመሪያዋ አስገቢያትና ወዘወዝ አድርጊያት።» ወዘወዝኳት። ተንቀሳቀሰች። እንደሚነቃነቅ ጥርስ።

«የኢንች ብሎን በመጠኑ ቀጠን ትላለች፣ ለዓይን አትለይም» አለ። «ሚሊ ቀዳዳ ውስጥ ትገባለች፣ ትዞራለች፣ ስታጠብቂያትም የያዘች ትመስላለች። ቁልፍ አሥራ አንድ ለሁለቱም ይሠራል። አንድ ቀን ፍሬኑ በኃይል ሲረገጥ ግን ጥርሷን ልጣ ትወጣለች። የሚሊዋ ብሎን ደግሞ ኢንች ዳዶ ውስጥ ጨርሳ አትገባም። ስለዚህ ሁለት ዳዶ ነው የሚያስፈልገው። ድሮ ቆራሌው የሚያመጣው ሁሉ ሚሊ ነበር፣ የአባትሽ ዳዶ ትበቃ ነበር። በኋላ የኢንች መኪኖችም መፈታታት ጀመሩ። ይህን ነው የነገርኩት። ዳዶህ ሁለቱንም ታሳልፋለች አልኩት። ሠላሳ ዓመት የሠራሁትን ልታዋርድ ነው ወይ ብሎ አባረረኝ። ሲሞት፣ ለልጁ ሳይነግራት አይቀርም፣ እያወቀች ነው የምትሸጠው ብዬ ጠረጠርኩሽ። ስለዚህ ሐሙስ ሐሙስ የኢንቾቹን እየለቀምኩ ገዛሁ።»

«ሦስት ዓመት! ታዲያ አፍ የለዎትም? አይነግሩኝም?» ጮህኩበት፤ አሁን ሳስበው ለመጮህ ምን መብት ነበረኝ?

«ለአባትሽ ብናገር ያገኘሁትን አይተሻል። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም ብዬ ነው።» ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ጣለና፣ «ጥፋቴ ነው» አለ። «ትናንት የሸጥሽውን ለማን እንደሆነ ብቻ ንገሪኝ።»

ያን ጊዜ ነው ወንድሜ ትዝ ያለኝ። በወረቀት የጠቀለልኩለት። ዓርብ ነው። እማዬ ሦስት ሰዓት ላይ ትወጣለች። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ለሦስት አምስት ጉዳይ ይላል።

ልነግረው ብዬ ከአፌ የወጣው «እማዬ» የሚለው ብቻ ነው። ሰውየው ግን ገባው። ስልክ ደወልኩ፣ ይጠራል፣ አይነሳም። ወንድሜ ሞተሩን ካስነሳ ስልክ አይሰማም፣ እሪ ብትሉበትም አይሰማ። ሁለት መንገድ አቋርጠን ወደ ቤት ሮጥን። እኔ ጫማዬን አውልቄ በእጄ ይዣለሁ፤ እስቲልየው በስልሳ ዓመቱ ከፊቴ ነበር።

መኪናዋ ግቢው ውስጥ፣ ሞተሯ ተነስቶ፣ አፍንጫዋን ወደ በሩ አድርጋ ቆማለች። ወንድሜ የግቢውን በር ሊከፍት እጁን መዝጊያው ላይ አድርጓል። እማዬ የኋላ ወንበር ላይ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ተቀምጣለች።

«አትክፈት!» አልኩት።

«ምን ሆንሽ አንቺ?»

እስቲልየው ትንፋሹ እየተቆራረጠ፣ «ትናንት ያሰርከው ፍሬን» አለ። «እስቲ ልየው።»

«ኤዲያ! ትናንት ሰፈሩን ሁለት ዙር ዞሬበታለሁ። ፔዳሉ ድንጋይ ነው የሚመስለው።»

«ተቀመጥና እርገጠው። እናትህ ላይ ድንጋይ እየተንከባለለባት ነው ብለህ፣ ባለ በሌለ ጉልበትህ።»

ወንድሜ ዓይኑን አጉረጥርጦ አየኝ፤ በሞቴ አልኩት። እያጉረመረመ ተቀመጠ። ረገጠ። ያዘ። «አየሽ?» አለኝ። «ድገመው» አለ እስቲልየው። ደገመው፤ ያዘ። እኔ ራሴን መጠራጠር ጀመርኩ፣ ሰውየውንም ጭምር፤ እውነቴን ነው፣ በዚያች ሰዓት እንኳ። «አንዴ ደግሞ» አለ። ወንድሜ በንዴት፣ መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ ከወንበሩ እስኪነሳ ረገጠው።

ጧ የሚል ድምፅ ተሰማ። ፔዳሉ ወለሉ ድረስ ወረደ። በግራ ጎማው ሥር የፍሬን ዘይቱ ሲሚንቶው ላይ ፈሰሰ፣ ዝም ብሎ እየሰፋ ሄደ።

ወንድሜ እግሩን ከፔዳሉ ማንሳት አቃተው። እኔ ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። ሰባቱ መታጠፊያዎች አንድ በአንድ በዓይኔ መጡ። እማዬ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ፣ «ምን ሆናችሁ? እንሂድ እንጂ፣ ይረፍድብኛል» አለች።

ለሁለቱ ደንበኞች የሸጥኩት ነበርና ወንድሜን በእግሩ ላክሁት፤ ቤታቸውን አውቃለሁ። ያን ያህል ሲሮጥ አይቼው አላውቅም። በኋላ እንደነገረኝ አንደኛው ገና አላሰራትም፣ የሁለተኛው የሚሊ ሆና ተገኘች። እማዬን እስቲልየው በራሱ መኪና አወረዳት። ከመነሳታችን በፊት የራሱን ፍሬን ሦስት ጊዜ ረገጠ፣ ወርዶ ሥሯን አየ፣ ተመልሶ ገብቶ እንደገና ረገጠ። ሌላ ቀን ቢሆን ስቄበት እሞት ነበር። በየመታጠፊያው ከኋላ ጥሩምባ እየተነፋብን፣ በእግረኛ ፍጥነት ወረድን።

በመንገድ ላይ ነገሩን ሁሉ ለእማዬ ነገርኳት፤ የዳዶዋን፣ የጠርሙሷን፣ የቆርቆሮውን። ቦርሳዋን ስትከፍትና ስትዘጋ ቆየች። አራተኛው መታጠፊያ ላይ ስንደርስ፣ ወደ ፊት ወንበር ጠጋ ብላ፣ «አንተ» አለችው። እኩያዋ ነው። «አንድ ነገር ይዤብህ አለሁ።»

«ምን?»

«ባለቤቴ ሊሞት ሳምንት ሲቀረው ጥሪልኝ ብሎኝ ነበር። ‹ያ ሰው እውነቱን ሳይሆን አይቀርም፤ ሁለቱን ዳዶ ይዞ ይምጣ፣ ልየው› አለኝ። እኔ አልጠራሁህም። ሱቁን ሊያስፈርመው ነው ብዬ ጠረጠርኩህ። ነገ እጠራዋለሁ፣ ነገ እጠራዋለሁ እያልኩ ዋሸሁት። በሩን እያየ ነው የሞተው።»

እስቲልየው መኪናዋን ወደ ቋጥኙ ጠጋ አድርጎ አቆማት። የእጅ ፍሬኑን ሳበ። ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ።

«እንዲህ አለ?»

«እንዲህ አለ።»

ጠበቅሁ። መቼ ነው ይላል፣ ማን ሰማ ይላል፣ ማስረጃሽ ይላል ብዬ ጠበቅሁ። ምንም አልጠየቀም። እማዬ ከተናገረችው በቀር የሚታይ ነገር አልነበረም፣ እሱም እንዲታየው አልፈለገም። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። እማዬ ከኋላ እጇን ዘርግታ ትከሻው ላይ አደረገች፤ ያንን በየሳምንቱ ሁለቴ መርፌ የሚገባበትን፣ የጠቆረውን እጇን።

ዛሬ ባንኮኒዬ ጫፍ ላይ ሁለት ዳዶ በሽቦ ተሰቅሏል። ሐሙስ ጠዋት እኔ ለይቼ የጨረስኩትን እስቲልየው እንደገና በመነጽር ይለየዋል፤ ቆሽቴ ያራል፣ ግን ዝም እላለሁ። ጨርሶ ሲሄድ ደግሞ ከአባዬ ዳዶ ፊት ትንሽ ቆም ይላል። አያገላብጣትም፣ መነጽሩን አያወጣም። በጣቱ ብቻ ነካ ያደርጋትና ይሄዳል።